አሚን የተባለበት ኩላሊት

ነገሩ የተጀመረው እኛ ዘንድ ወዳጃ በምንለው የዱዓ መቀማመጥ ላይ ነው። ከከሚሴ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ ጎረቤቱ አንድ ቤት ይሰበሰባል። ጫት ይቀርባል፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ይለምናሉ፣ የቀረነው አሚን እንላለን። ከልጅነቴ ጀምሮ አሚን ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ለአሚን ጆሮ አያስፈልገውም፤ አፍ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ሽማግሌው ትንፋሽ ሲሰበስቡ የኛ አፍ ይከፈታል።

የዚያን ቀን ቤቱ የኔ ነበር፤ የታመመችው ደግሞ እህቴ። ከእናታችን ሆድ የወጣነው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እሷ በብዙ ዓመት ታንሰኛለች። ባሏ ሞቶባት ከሚሴ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም እየሸጠች አንድ ልጇን ታስተምራለች። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል ከተባለች ወዲህ በየሳምንቱ ደሴ እየተመላለሰች ደሟን በመሣሪያ ታሳጥባለች። እጥበት ይሉታል። መንገድ ሲዘጋ ትቀራለች፤ በቀረች ጊዜ ፊቷ እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሞቹ እጥበቱ ያቆያታል እንጂ አያድናትም፣ ኩላሊት የሚሰጣት የሥጋ ዘመድ ከተገኘ አዲስ አበባ ወስዳችሁ አስቀይሩላት ብለውን ነበር።

ሽማግሌውን የለመንኳቸው "ሰጪ እንድታገኝ ዱዓ አድርጉልኝ" ብዬ ነው። ወላሂ፣ ሰጪው እኔ ነኝ አላልኩም። በሆዴም ያ ነገር ገና አልተቆረጠም ነበር። ሳስበው እፈራለሁ፤ ስፈራ ሐሳቡን እተወውና ወደ ከብቶቼ እሄዳለሁ። እሳቸው ግን ዱዓቸው ሲሞቅ ወደ ዝርዝር የሚገቡ ሰው ናቸው። ለዝናብ ሲለምኑ እንኳ የየሰውን ማሳ እየለዩ ነው።

"ያ ረቢ! ለዚች ልጅ መዳኛዋን አምጣላት!"

"አሚን!"

"ከሩቅ አታምጣው፣ ከቅርብ አምጣው!"

"አሚን!"

"ከወንድሟ ጎን ይውጣላት! እሱንም አጽናው!"

"አሚን!"

የመጨረሻውንም አሚን ከሰው ጋር አብሬ ብያለሁ። አፌ ካለው በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማው። ቀና ስል ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ጎረቤቴ እንባ አቅርሯል። አንዱ ተነስቶ ትከሻዬን ሳመኝና "ማሻአላህ! ወንድም ማለት እንዲህ ነው" አለ። ምን ልበል? አሚን ያሉበትን ነገር መልሶ አላልኩም ማለት በኛ አገር የለም። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴንም ከጨዋነቴ ቆጠሩልኝ።

ሥራዬ የከብት ንግድ ነው። ሰንበቴ ገበያ ላይ፣ ከቆላ በሚወጡት አፋሮችና ከደጋ በሚወርዱት ገበሬዎች መሀል ቆሜ በሬ ስገዛና ስሸጥ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። በሚቀጥለው ገበያ ገና ከመድረሴ አንድ የማውቀው አፋር ነጋዴ በዱላው ጫፍ ጎኔን ነካ አደረገኝ።

"የትኛውን ነው የምትሰጠው?"

"ኧረ ገና ነው" አልኩት።

"ግራውን ስጥ። ቀኙ ለሥራ ይፈለጋል።"

"ኩላሊት እኮ እጅ አይደለም።"

"ቢሆንም" አለኝ፣ በሬ ሲመርጥ የሚያሳየውን ፊት ይዞ። "ቀኙን አትንካ።"

ከሚሴ ስመለስ ባጃጅ ነጂው ሰው አስነስቶ አስቀመጠኝ። መስጊድ ስሄድ የፊት ሰልፍ ይለቀቅልኛል። ሰው ሁሉ ሲያከብረኝ፣ ውስጤ ደግሞ እንደ ተጠፈረ በሬ ሲታገል ሰነበተ።

ባለቤቴ የዱዓው ዕለት አልነበረችም። ልጃችን ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ጨፋ ሮቢት ሄዳ ነበር። የመጣች ቀን ከሚኒባሱ ወርዳ፣ ጓዟን እንኳ ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመች። ሰላምታ የለ ምን የለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ስንት ኩላሊት አለህ?"

"ሁለት።"

"ማን ነገረህ? ታይተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ አላውቅም።"

"እና መኖሩን የማታውቀውን ነው የምትሰጠው?"

ግቢና ተቀመጪ አልኳት። ገባች እንጂ አልተቀመጠችም።

"ሚኒባሱ ውስጥ የማላውቃት ሴትዮ 'አላህ ያጽናሽ' አለችኝ። ሞተ እንዴ ብዬ ልጮህ ነበር! ለካስ ተከፋፍለህ ልትሞት ነው።"

"እሰጣለሁ አላልኩም እኮ። ሽማግሌው ናቸው በዱዓቸው ውስጥ ያስገቡኝ። ሰውም አሚን አለ።"

"እንግዲያው አሚን ያሉት ይስጡ! ቤት ሙሉ ሰው ነበር አይደል? ከየሰዉ አንዳንድ ቢወጣ እህትህ ለጎረቤት ታድል ነበር።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። ባለቤቴ ነገሩ ሲከብዳት ኦሮምኛ ነው የሚቀድማት። "ኤኙቱ ሲ ጋፈቴ?" አለችኝ፤ ማን ጠየቀህ ማለቷ ነው። ከዚያ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"እህትህን እወዳታለሁ፤ ታውቃለህ። ግን አብሬህ የምኖረው እኔ ነኝ። ብትወድቅ የማነሳህ እኔ ነኝ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ይሁን፣ የኔስ ይቅር። አንተንም እኮ ማንም አልጠየቀህም።"

ይህን ስትል ነው የገባኝ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፣ ሰው ሁሉ መረቀኝ፤ ትፈልጋለህ ወይ ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ከበርበሬ ከረጢቶቿ ኋላ ጥላ ውስጥ ተቀምጣለች። የከሚሴን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እጥበት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ውኃ እንደ ልቡ አይጠጣም፤ ሰውነቱ መልሶ አያወጣውማ። በትንሽ ስኒ ትለካና ከንፈሯን ታርሳለች፣ መልሳ ትከድነዋለች። ያንን ማየት አልወድም ነበርና ወደ ገበያው ዞሬ ቆምኩ።

"አያ" አለችኝ፤ ታላቅነቴን እንዲህ ነው የምትጠራው። "እኔ አልለመንኩህም።"

"አውቃለሁ።"

"የዚያን ቀን በጓዳ በኩል ሆኜ ሰምቻለሁ። ሴቶቹ ሁሉ አሚን ሲሉ እኔ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። አሚን ብል ጎንህን በገዛ እጄ የቆረጥኩ መሰለኝ።"

አንዲት ሴት መጥታ በርበሬውን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ዋጋ ጠየቀች፤ እህቴ መለሰችላት፤ ሴትዮዋ ሳትገዛ ሄደች። ከዚያ እህቴ መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

"ግን አያ፣ አልዋሽህም። መኖር እፈልጋለሁ። ልጄ ራሱን እስኪችል ብቻ።"

እነዚህን ሁለት ንግግሮች ይዤ ነው የከረምኩት። የባለቤቴ ትክክል ነው፤ የእህቴም ትክክል ነው። በመጨረሻ "ሄጄ ልመርመር፣ መመርመር መስጠት አይደለም" አልኩ። ባለቤቴም "እኔም እመጣለሁ፤ ሲመረምሩህ ቆሜ አያለሁ" አለች። ሦስታችንም በአንድ መኪና ተሳፈርን። ጣርማ በር ስንደርስ ብርዱ ያዘንና ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ተኙ። መካከላቸው ቂም አለመኖሩን ያን ጊዜ አየሁ።

አዲስ አበባ ያረፍነው የጎረቤታችን ዘመድ ቤት ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ምርመራ ብሎ የያዘኝ እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀኝም። ደሜን ደጋግመው ቀዱ። ልቤን አዳመጡ። የቀን ሙሉ ሽንቴን በጀሪካን እያጠራቀምኩ እንዳመጣ አዘዙኝና በታክሲ ይዤው ስሄድ አንዱ ተሳፋሪ ዘይት ነው ወይ ብሎኝ አረፈው። ዕድሜዬን ሙሉ የበሬ ጥርስ ገልጬ፣ ሻኛ ዳብሼ፣ አረማመዱን አይቼ ስገዛ ኖሬ፣ አሁን ተራው የኔ ሆነ። ባለቤቴ ከጎኔ እየሄደች "የሰንበቴ ሰው ቢሆን ጥርስህን ብቻ አይቶ ይተውህ ነበር" ትለኛለች።

ዕድሜዬ ስድሳ ሊደፍን የተቃረበ ስለነበር ሐኪሞቹ አመንትተው ነበር። በኋላ ግን ሰውነትህ ከዕድሜህ ይሻላል አሉኝ። አንዲት ወጣት ሐኪም በምርመራ መሣሪያው መስታወት ላይ ሁለት ጥላ እያሳየች "እነዚህ ናቸው ኩላሊቶችዎ" ስትል ባለቤቴ ቀና ብላ "አልሐምዱሊላህ! ሁለት ናቸው" አለች፤ እስከዚያች ሰዓት የምር ተጠራጥራ ነበር። ደሜም ከእህቴ ደም ጋር ገጠመ።

ከዚያ በኋላ ያችው ሐኪም ብቻዬን አስገባችኝ። ባለቤቴም እህቴም ውጭ ቀሩ። በሩን ራሷ ዘጋችው።

"አባባ፣ ይህን የሚያደርጉት በራስዎ ፈቃድ ነው?"

"አዎ" አልኩ፤ እንደ አሚን ነው የመለስኩት።

"ያስገደደዎት ሰው የለም?"

"የለም። ዱዓ ተደርጎልኝ ነው።"

አልገባትም። ወዳጃውን፣ ሽማግሌውን፣ አሚኑን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "እና እርስዎ ራስዎ መቼ ፈቀዱ?" አለችኝ።

ዓይኔ ወደ ዘጋችው በር ሄደ።

"ላስፈራራዎት አይደለም" አለች። "ግን ሳይሰሙ መወሰን የለብዎትም። የታመመ ሰው ቀዶ ጥገና ሲገባ ለራሱ ብሎ ነው። እርስዎ ግን ጤነኛ ሆነው ነው የሚገቡት፤ ለእርስዎ ሰውነት ጥቅም የለውም። ደም ሊፈስ ይችላል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። እግር ላይ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ግን የሞተ ሰጪም አለ። ከዓመታት በኋላ የደም ግፊት ሊመጣብዎት ይችላል። የምትቀረው አንዷ ከተጎዳች ደግሞ ምትክ የላትም፤ እርስዎም እንደ እህትዎ እጥበት ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ሌላም ልንገርዎት፤ የሰጡት በእህትዎ ሰውነት ላይ አልቀመጥ ሊል ይችላል። ቢቀመጥም የዕድሜ ልክ አይደለም።"

ከብት ሲታረድ ኩላሊት አይቻለሁ። በጮማ ተጠቅልሎ፣ ከጀርባ ተለጥፎ፣ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። አላህ እንዲህ አድርጎ የደበቀውን ነገር ሰው እጁን ሰዶ ሲያወጣው ታየኝ።

"አልፈልግም ብልስ?" አልኳት።

"ለቤተሰቡ 'ለመስጠት አይመቹም' ብቻ ነው የምንለው። ምክንያቱን ማንም አይጠይቀንም፤ ቢጠይቅም አንናገርም። እህትዎም አያውቁም።"

አንገቴ ላይ የተጫነ ቀንበር የወረደልኝ መሰለኝ። ከዱዓው ቀን ወዲህ ያን ያህል ቀሎኝ አያውቅም። አስብበት ብዬ ወጣሁ።

ሚስጥር ከባለቤቴ መደበቅ አልችልበትም። ግቢው ውስጥ ካለች ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሙዝ በዳቦ እየበላን ሁሉንም ነገርኳት። እህቴ እጥበት ላይ ነበረች፤ አትሰማም።

"እምቢ በል እንግዲህ" አለች ባለቤቴ። "መንገድ ተሰጠህ። እኔም አላየሁም አልሰማሁም።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ሙዙን ከአፏ አወረደች። "አሁን ጠየቅከኝ?"

"አሁን ጠየቅኩሽ።"

"ከጠየቅከኝማ እኔም የምጠይቀው አለኝ" ብላ ተነሳች። ዳቦውን እጄ ላይ ጥላ ቀጥ ብላ ሐኪሟ ክፍል ገባች። ተከተልኳት።

"ልጄ" አለቻት፣ "ይህን ሰውዬ ከሰጠ በኋላ ምን አድርጌ ልያዘው?"

ሐኪሟ አስቀመጠቻትና ታግሣ መለሰችላት። ከባድ ነገር መሸከም ለጊዜው የለም። ለሕመም ብሎ ከመድኃኒት ቤት ያገኘውን ማስታገሻ መዋጥ ፈጽሞ የለም፤ ኩላሊት የሚጎዳ አለበት። ውኃ በብዛት። በየጊዜው ምርመራ። ጾምን በመጀመሪያው ረመዳን ይተዉት፣ በኋላ ምርመራው ታይቶ ይወሰናል አለች።

"ጫትስ?"

"ግፊት ያመጣል። ቢቀር ይሻላል፣ እማማ።"

"እሱን ጮክ ብለሽ ንገሪው" አለች ባለቤቴ፣ ወደኔ ሳትዞር። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ቢሞትብኝስ?"

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ባለቤቴ አቀረበች። "እንዳይሆን የምንችለውን ሁሉ እናደርጋለን። አይሆንም ብዬ ግን አልምልልዎትም።"

"ስላልማልሽ አመንኩሽ" አለች ባለቤቴ። "አንድ የቀረኝ አለ። እስከ መቼ ድረስ ነው እምቢ ማለት የሚችለው?"

"ማደንዘዣው እስኪያስተኛቸው ድረስ። አልጋው ላይ ሆነው እንኳ ትቻለሁ ቢሉ እንተወዋለን።"

"ደህና። እስከዚያ ድረስ እጠይቀዋለሁ።"

እውነትም ጠየቀችኝ። ፊቴን ስታጠብ "ትሰጣለህ?" ትላለች። ታክሲ ስንጠብቅ "ትሰጣለህ?" ትላለች። ከሱብሂ ሶላት አሰላምቼ ገና ፊቴን ሳዞር "ትሰጣለህ?" አንዳንዴ አዎ እላለሁ፤ አንዳንዴ አላውቅም እላለሁ። ምንም ብላት "ደህና" ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ አትጫነኝም፣ አትመክረኝም። በዲኑ፣ በሃይማኖታችን በኩል ያለውንም ያረፍንበት ሰፈር ያሉ አንድ ዓሊም ጠይቄ ነበር፤ በፈቃድ ከሆነ የሚከለክል የለም አሉኝ። በፈቃድ ከሆነ። ወዴት ብዞር ያችው ነገር ትጠብቀኛለች።

አንድ ጠዋት ጥያቄዋ ሲመጣ "እምቢ" አልኩ። ምን እንደሚመስል ልቅመሰው ብዬ ነው።

"እሺ" አለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ተነስታ ልብሳችንን እያጠፈች ቦርሳ ውስጥ ትከት ጀመር። የኔን ጋቢ፣ የሷን ሻሽ፣ ፎጣውን።

ተቀምጬ አየኋት። እየከተተች ሳለ የመልስ ጉዞው ሁሉ በዓይኔ መጣ። እህቴ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ያችን ስኒዋን ይዛ። ምንም አትለኝም፤ አይመችም ተባለ ብላ እንዲያውም ታጽናናኛለች። እኔም ስታጽናናኝ እያየሁ፣ ጤነኛ ሆኜ፣ ሁለቱንም ይዤ ሰንበቴ እወርዳለሁ። ማንም አያውቅም። ሽማግሌውም አያውቁም፣ ገበያውም አያውቅም። ታዲያ የፈራሁት ሰውን ቢሆን ኖሮ በዚህ ደስ ባለኝ ነበር። ደስ አላለኝም። ከመሞቴ ይልቅ እሷ የምትቀመጥበትን የገበያ ቦታ ባዶውን ማየት ነው የከበደኝ።

"ተይው" አልኳት። "አውጪው ልብሱን።"

"ለምን?"

"እሰጣለሁ።"

ቦርሳውን አስቀመጠችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ማን ጠየቀህ?"

"አንቺ ነሽ የጠየቅሽኝ።"

"እንግዲያው ይሁን" አለች። "እኔም ፈቅጃለሁ።"

እኔ ኩላሊቴን የሰጠሁት ያን ጠዋት ነው። ሐኪሞቹ ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የቀዶ ጥገናው ዕለት እህቴ በሌላ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሆና ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። "አያ፣ አውፍ በለኝ" አለችኝ። "አውፍ ብያለሁ፤ አንቺም አውፍ በይኝ" አልኳት። እንደ ሐጅ ተሳፋሪ ይቅር ተባባልን። ባለቤቴ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ከአልጋዬ ጎን እየተራመደች ጥያቄዋን አልተወችም። "ኧረ እሰጣለሁ አልኩሽ!" ስላት አልጋ የሚገፋው ነርስ በሳቅ መንገድ ሳተ።

ስነቃ በሬ የረገጠኝ መሰለኝ። ጎኔ ይነዳል፣ ሳል ስለመጣብኝ ብቻ እሞታለሁ አልኩ። ስንት ሰዓት እንደተኛሁ አላውቅም። እህቴ ያለችበት ክፍል ሰው ስለማይገባበት ባለቤቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ልታደርግልኝ ስትል አንዱን ነገር ነካችና ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

"አያ! ሸናሁ!"

እጥበት ከጀመረች ወዲህ ጠብታ ወጥቷት አያውቅም ነበር። ጎኔ ያለው ታማሚ፣ የማላውቀው የደጋ ሰው፣ "እሰይ! እሰይ!" እያለ አጨበጨበ። እኔ መሳቅ አልችልም፤ ስስቅ ቁስሌ ይቀደዳል። "አታስቂኝ" አልኳት። እሷ ደግሞ እያለቀሰች "በደንብ ነው የሸናሁት እኮ፣ ከረጢቱ ሞላ!" ትላለች። ብዙ የምሥራች ሰምቻለሁ፣ የልጅ ልደትም የዝናብም። እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም።

ሐኪሟ ካስጠነቀቀችኝ ውስጥ አንዱ አልማረኝም። ባቴ አብጦ ቀላ፤ ደም ረግቶ ተገኘ። ወደ ሳንባ እንዳይወጣ ሆዴ ላይ መርፌ እየወጉ ብዙ ሰነበትኩ። ባለቤቴ በእነዚያ ቀናት አንድም ቀልድ አልተናገረችም፤ እግሬን እያየች በመቁጠሪያዋ ዚክሯን ብቻ ትቆጥራለች። እንደዚያ ዝም ስትል ነው ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቅኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ሟሟ። እህቴ በእግሯ እየሄደች፣ አፏን በጨርቅ ሸፍና በመስኮት ልትጠይቀኝ ስትመጣ እኔ ገና ከአልጋ አልወረድኩም ነበር። ሰጪው ተኝቶ ተቀባይዋ ቆማ።

ከሚሴ ስንመለስ ቤቱ በሰው ሞላ። ሽማግሌውም መጡ። ሰው ሲቀንስ ጠብቄ ቀስ ብዬ አነሳሁባቸው።

"አባባ፣ አንቱ ዱዓ ያደረጉልኝ ጊዜ እኔ ገና አልፈቀድኩም ነበር።"

"እንዴት? አሚን ብለህ የለም?"

"ብያለሁ። አፌ ነው ያለው።"

"እኔ የለመንኩት አላህን ነው እንጂ አንተን መቼ ለመንኩህ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና እጄን ያዙኝ። "ግን ልክ ነህ። የሰው አካል በሕዝብ ፊት አይጠራም። አውፍ በለኝ።" ከዚያ ወዲህ ለታመመ ሲለምኑ "መድኃኒቱን ካለበት አምጣው" ብለው ነው የሚያልፉት። አፋሩ ወዳጄ ደግሞ የወጣው ግራው መሆኑን ሲሰማ "ነግሬህ ነበር" አለኝ፤ ምርጫው የራሱ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያወራል።

እንግዲህ ዓመታት አልፈዋል። እህቴ በርበሬዋን ትሸጣለች፣ ልጇም ደርሷል። መድኃኒቷን በሰዓቷ ትውጣለች፤ ያ ኩላሊት አንድ ቀን ሊደክም እንደሚችል ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እኔ በበኩሌ ደም ግፊት መጥቶብኛል፤ ትንሽ ክኒን በየቀኑ እውጣለሁ፣ በዓመት አንዴ ደሴ እታያለሁ። ሰጪ ይሁን ተቀባይ ይሁን፣ አንዳንድ ሰው ሊጠይቀኝ ቤቴ ይመጣል። ቀላል ነው ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባቴንም ግፊቴንም እነግረዋለሁ። ጸጸት እንዳለብኝ ይጠይቀኛል፤ የለብኝም። ያም ግን የኔ ነው፣ የሱ አይደለም እለዋለሁ።

አምና አንድ ተዋጊ ወይፈን ሰንበቴ ላይ ዞር ብሎ ቀኝ ጎኔን ገጨኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ ያሰብኩት አጥንቴን አልነበረም፤ ያችን የቀረችኝን ኩላሊት ነው። ሽንቴ ቀልቶ መጣ። ደሴ ሄደን እስክንታይ ድረስ መንገዱን ሁሉ ባለቤቴና እህቴ ግራና ቀኝ ሆነው ያዙኝ። ተቀጥቅጣ ነው እንጂ ደህና ናት፣ ትድናለች ተባልን። ዳነችም። ባለቤቴ ግን ከሐኪሙ ክፍል ሳንወጣ "ከዛሬ ጀምሮ በሬ የለም" አለች። አልተከራከርኩም።

አሁን ፍየል ነው የምነግደው። ጓደኞቼ ከበሬ ወደ ፍየል ወረድክ እያሉ ያሾፉብኛል። አንዱማ "ቀጥሎ ዶሮ ነው" አለኝ። እኔ ግን ፍየልን ወድጃታለሁ። ወሬ ትወዳለች፣ ገበያ ላይ አታሰለችም፣ ስትሸጥም ዞራ ታይሃለች። ብትቆጣና ብትወጋም ቀንዷ ከጉልበት በላይ አይደርስም።